ሾላ በድፍኑ፦ ወፏና አውራሪሱ

ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሠላሳ መልስ አለው። የገባሁት ለማንበብ ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን እኔም ተነከርኩበት። ያመለጣችሁ ካላችሁ እነሆ።

ክሩን የከፈቱት ሰው ጡረታ መውጣታቸውን ስለጻፉ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔም እንደዚያው ልበል። ጋሼ አንድ ፎቶ ለጠፉ። አውራሪስ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀይ ምንቃር ያላቸው ሦስት ወፎች ተደርድረዋል። ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ወፏ መዥገር ትለቅማለች፣ አውራሪሱ ይሸከማታል፣ ማንም ማንንም አይበድልም፤ የዱር ፍጥረት በፍቅር ነው የሚኖረው፤ ፍቅር የጠፋው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። አዞም አፉን ከፍቶ ጥርሱን በወፍ እንደሚያስጠርግ ጨመሩበት። ከዚያ እንዲህ የሚዋደዱ ሌሎች ፍጥረታት የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲጽፍላቸው ጠየቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች ጨዋ ናቸው። 1ኛው ጋሼን አመስግኖ ብርቱካናማውን ክላውን ዓሣ አነሳ። ዓሣው አኒሞን የምትባለዋ የምትናደፍ የባሕር እንስሳ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ በፋንታው ሊበሏት የሚመጡትን ያባርርላታል፣ ኩሱም ለእሷ ምግብ ይሆናታል። 2ኛው ንብና አበባ ብሎ ሄደ። 3ኛዋ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም፤ ሦስት ሳጥን ሠራች። ሁለቱም ከተጠቀሙ አንድ ሳጥን፣ አንዱ ተጠቅሞ ሌላው ምንም ካልሆነ ሌላ ሳጥን፣ አንዱ ሌላውን እየጎዳ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ጥገኛ የሚባለው ሳጥን። ለመሀለኛው ሳቢሳን ጠቀሰች፤ ከብት ሲግጥ ከሣሩ የሚያስነሳውን ፌንጣ እየለቀመች ትከተላለች፣ ከብቱ ምንም አይቀርበትም። የጋሼን ወፍ ግን ሳታመነታ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ከተተቻት። ነገር የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

4ኛው መልስ አምስት መስመር ብትሆን ነው። ግን ክሩን ገለበጠችው። ጸሐፊው ልጅ ሆኖ አህያ ሲጠብቅ ይቺኑ ወፍ በቅርብ ያውቃታል። ጭነት ጀርባውን የላጠው አህያ ነበራቸው፤ ታስሮ ነው የሚውለው። ወፏ መዥገሩን ትታ ቁስሉ ላይ ነበር የምትውለው። ቅርፊቱን በምንቃሯ ጫፍ ታነሳለች፤ ደም ሲያዥ ትጠጣለች። አህያው ቆዳውን ያርገበግባል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ እሷ ትንሽ ፈቀቅ ትልና ተመልሳ እዚያው። በድንጋይ አባሯት ዞር ሲል መልሶ ቁስሉ ላይ ያገኛታል። ስለ ፍቅር የተጻፈውን ሲያነብ ትዝ ያለው ያ አህያ ነው።

5ኛው ጥናት ይዞ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፖል ዊክስ የሚባል ተመራማሪ ዚምባብዌ ውስጥ ከአንዱ የበሬ መንጋ ወፎቹን እያባረረ፣ ሌላውን እንዳለ ትቶ አነጻጸረ። ውጤቱ በ2000 ታተመ። ወፍ ያልነካቸው በሬዎች መዥገራቸው አልበዛም። ወፍ ያለባቸው ደግሞ ቁስላቸው በዛ፣ ለመዳንም ቆየ። ወፎቹ የጆሮ ኩክም ይበላሉ። ይኼን ሁሉ ጽፎ ጋሼን ይቅርታ ጠይቋል። ጨዋ ልጅ ነው።

6ኛው ጨዋ አልነበረም። እስካሁን ሁሉም እርስዎ እያለ ነበር የሚጽፈው፤ ይኼኛው አንተ ብሎ ጀመረ። በዚህ ዕድሜ ተረት ማውራት እንደሚያሳፍር፣ ወፏ ላባ ያላት አልቅት እንደሆነች፣ ተፈጥሮ ውስጥ ያለው መብላትና መበላት ብቻ መሆኑን ደረደረ። 7ኛዋ ወዲያው ቆጣችው። ስለ ወፏ ልክ ቢሆን እንኳ አባቱን የሚያህሉ ሰው አንተ ማለት ምን የሚሉት ሳይንስ እንደሆነ ጠየቀችው። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ስድድብ ሊሄድ ነው ብዬ ነበር።

8ኛው አዳነው። ስድቡን እንዳላየ አልፎ ወደ አውራሪሱ ተመለሰ። ዊክስ ያጠናው በሬ ነው፤ ጋሼ የለጠፉት አውራሪስ ነው። አውራሪስ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ነፋሱ ከእሱ ወደ ሰውየው እየነፈሰ ሰው ከተጠጋው ሽታም ስለማይደርሰው ሳያውቀው አጠገቡ ይደርስበታል። በ2020 ሮአን ፕሎትዝና ዌይን ሊንክሌተር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር አውራሪሶችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ወፍ የሌለው አውራሪስ ወደሱ የሚመጣውን ሰው የሚነቃበት 23 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወፍ ያለው ግን ሁልጊዜ ነቅቷል። ርቀቱም ይለያያል። ብቻውን ሲሆን 27 ሜትር ገደማ ላይ ነበር የሚያውቀው፤ ከወፍ ጋር ሲሆን 61 ሜትር። ወፏ ሰው ስታይ ትጮኻለች፤ እሱ ይነሳና ፊቱን ወዳልሸተተው አቅጣጫ ያዞራል፣ ሽታ ወደማይመጣበት ማለት ነው። በስዋሂሊ ስሟ የአውራሪስ ዘበኛ ማለት እንደሆነም ጨመረልን። እኔ በዚህ መልስ ላይ ብዙ ቆየሁ። ይቺው ወፍ እኮ ናት! በሬ ላይ ስትሆን ሌባ፣ አውራሪስ ላይ ስትሆን ዘበኛ። የአውራሪሱንም ቁስል ትነካካለች፤ እሱን አልተወችም።

9ኛው ቀልደኛ ነው። ታዲያ ደሙ የዘበኛ ደሞዝ ነዋ ብሎ አረፈው።

10ኛው እኔ ነኝ። 4ኛውም 8ኛውም ልክ ናቸው፣ ጥፋቱ የሳጥኖቹ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሲምባዮሲስ የሚለውን ቃል በ1879 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ የተለያዩ ፍጥረታት አብረው መኖራቸውን ነበር የጠራበት፤ ጥገኛውንም ጨምሮ። መዋደድ የሚለውን ሽታ የቀባነው እኛ ነን። እንዲህ ጽፌ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። 11ኛዋ ኩራቴን አላቆየችውም። አልበርት ፍራንክ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በ1877 ተቀራራቢ ቃል ተጠቅሞ ነበር፤ እሱም የድንጋይ ሽበትን ሲያጠና። የድንጋይ ሽበት የሚመስለን አንድ ተክል ነው፤ ግን ፈንገስና አልጌ አብረው የሠሩት ቤት ነው። ይኼን ያስረዳው ሲሞን ሽቬንደነር በ1869 ፈንገሱን ጌታ፣ አልጌውን ባሪያ አድርጎ ነበር የገለጸው። ደ ባሪ ላይ መጀመሬ ግማሹን ታሪክ መዝለል እንደሆነ ነገረችኝ። ልክ ናት፤ ተቀበልኩ።

12ኛው የአዞውን ነገር ዘጋው። ወፍ የአዞ ጥርስ ትጠርጋለች የሚለው ወሬ ቢያንስ ከግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ከሄሮዶቱስ ጀምሮ አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት አምስተኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ሲወራ ኖሮ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘለትም። በየስልኩ ከሚዞሩት ፎቶዎች ብዙዎቹ ኮምፒውተር ላይ የተሠሩ ናቸው። 13ኛው መልስ የጋሼ የራሳቸው ነው። ሰውየው አልተቆጡም። የአዞውን ወሬ ሾላ በድፍኑ ብለው መዋጣቸውን አመኑ፤ 6ኛውን ግን ስሙን ሳይጠሩ አለፉት።

ሾላ የሚለው ቃል አንዷን ቀሰቀሳት። 14ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው። ተረቱ እንዲህ የሆነበት ምክንያት እንዳለ ጻፈች፦ ሾላ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ነገር አያስበላም። ልጅ ሆና አንዱን ለሁለት ስትከፍለው ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች እጇ ላይ ፈሰሱባት፤ ጥላው ሮጠች። ካደገች በኋላ ነው ምን እንዳየች የገባት።

ፍሬ የምንለው ነገር ወደ ውስጥ የዞረ የአበባ ከረጢት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ውስጡን ሸፍነውታል። መግቢያው ጫፉ ላይ ያለች ቀዳዳ ናት፤ በቅርፊት የተደፈነች፣ መርፌ የማታስገባ። ሴቷ ተርብ በዚያ ስትገባ ክንፏ ይገነጠላል። አንዳንዴ አንቴናዋም ይሰበራል። መውጣት የለም። ውስጥ ገብታ አንዳንዱ አበባ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን ብናኝ ደግሞ ደረቷ ላይ ካሉ ኪሶች እያወጣች ሌሎቹ ላይ ታደርጋለች። እዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የሚፈለፈሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ክንፍ የላቸውም፣ ከዚያ ጨለማ ውጪም ኑሮ የላቸውም። ገና ከእንቁላል ቤታቸው ያልወጡትን ሴቶች ያስረግዛሉ፣ ግድግዳውን በጥርሳቸው ይበሱና ይሞታሉ። ሴቶቹ ብናኝ በኪሳቸው ሞልተው በተበሳው መንገድ ይወጣሉ። ሌላ ሾላ ፍለጋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው ያላቸው። በዓለም ላይ ከ750 በላይ የሾላ ዘመዶች አሉ፤ ተርብ ከሌለ ዘር የለም፣ ሾላ ከሌለ ተርብ የለም። ከዚህ የበለጠ መተሳሰር የት ይገኛል? ግን ሥራውን የማይሠራ ሌላ ተርብ ደግሞ አለ፤ እዚያው ሾላ ውስጥ በዚያችው ቀዳዳ ይገባል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ ብናኝ ግን አያደርስም። የዘመዶቹን መታወቂያ ይዞ ገብቶ በነፃ የሚበላ በሉት።

15ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ከእንግዲህ በለስም ሆነ ሾላ አልበላም ወይ የሚል ድንጋጤ ነገር። 16ኛዋ አረጋጋችው። በእርሻ የሚመረቱ ብዙ የበለስ ዓይነቶች ያለ ተርብ ይበስላሉ። የሞተችውንም ፍሬው ራሱ በኢንዛይሙ ያፈራርሳታል።

አጭበርባሪው ተርብ ክሩን ወደ ጥሩ ቦታ ወሰደው። 17ኛው፣ የግብርና ሰው ይመስላል፣ የአኩሪ አተር ሥር ላይ የሚያብጡትን እንክብሎች አነሳ። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ለተክሉ ያበስሉለታል፤ እሱ ስኳር ይከፍላቸዋል። ባይሠሩስ? በ2003 ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ የእንክብሎቹን አየር ናይትሮጅን በሌለው አየር ለወጡት። ባክቴሪያዎቹ ሳይወዱ በግድ ሥራ ፈቱ። ተክሉ ወደዚያ እንክብል የሚሄደውን ኦክስጅን ቀነሰ፤ እነሱም መራባታቸው ግማሽ ያህል ወረደ። ደሞዝ መቁረጥ በሉት። 17ኛው የጨመረባት ነገር ደስ ብላኛለች፦ ተክሉ ማንንም አይጠላም፣ ማንንም አያምንም፣ ሒሳብ ብቻ ነው የሚይዘው።

18ኛዋ ይኼ አልዋጠላትም። ዛፎች በፈንገስ ክር ከመሬት በታች ተያይዘው እንደሚመጋገቡ፣ እናት ዛፍ ልጆቿን እንደምታጠባ፣ አንዱ ሲታመም ሌሎቹን እንደሚያስጠነቅቅ ጻፈች፤ የሱዛን ሲማርድን የ1997 ጥናት ጠቀሰች። 19ኛው ጥናቱን አልካደም። ከበርች ወደ ዳግላስ ፈር ችግኝ ካርቦን መሻገሩ ተለክቷል። ከዚያ ተነስቶ እናትና ጡት ላይ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2023 ጀስቲን ካርስት፣ ሜላኒ ጆንስና ጄሰን ሆክሴማ በጫካ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው ታዋቂዎቹ አባባሎች በቂ ማስረጃ እንደሌላቸው ጽፈዋል፤ ጆንስ ራሷ የ1997ቱ ጥናት አዘጋጆች ውስጥ ነበረች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ሰውየው ግን እዚያ አላቆመም፤ ሴትየዋ ፊልም አይታ ነው የምትጽፈው ሲል ተሳደበ። 20ኛው የእሷ ነው፤ በፈንገስ አልመለሰችለትም፣ በአስተዳደጉ ነው የመለሰችለት። 21ኛውን አላነበብኩትም ብል ይሻላል። (አንብቤዋለሁ።)

22ኛው ቤቱ ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም ያለው ሰው ነው። አጣቢ የምትባለዋን ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ገዝቶ አስገባት። እሷ ኮራል መሀል ቦታ ይዛ ሌሎች ዓሦችን ከተባይ የምታጸዳ ናት፤ አውስትራሊያ ውስጥ ሊዛርድ ደሴት አካባቢ የተጠኑት እያንዳንዳቸው በቀን 1,200 ያህል ተባይ ይለቅማሉ። የእሱ አኳሪየም ግን አዲስ ነው፣ ተባይ የለበትም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አጣቢዋ የሌሎቹን ጎን መንከስ ጀመረች። ትልቁ ዓሣ በተጠጋችው ቁጥር ይንቀጠቀጥና ይሸሻታል። ሲጠይቅ የተነገረው ነገር አስገረመው፦ ወትሮም ቢሆን የምትወደው ተባዩን አይደለም፣ የዓሣውን ቆዳ የሚሸፍነውን ልጋግ ነው። ባሕር ውስጥ ከነከሰች ደንበኛ ይሄድባታል ወይ ያባርራታል፤ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ሲያያት ደግሞ ይበልጥ ትጠነቀቃለች። አኳሪየም ውስጥ ደንበኛው የት ይሄዳል? ይኼን ሳነብ የ4ኛው አህያ ትዝ አለኝ። እሱም ታስሮ ነበር።

23ኛው ከዚህ ተነስቶ ስለ ትዳር ረጅም ነገር ጻፈ። የራሱ ትዳር ይመስላል። እንለፈው።

24ኛዋ እሾሁ ሥር ትንሽ ኳስ የሚያህል እብጠት ስላለው የግራር ዓይነት ጻፈች። ጉንዳኖች እብጠቱን ፈልፍለው ይኖሩበታል፤ ዛፉ ማር መሰል ፈሳሽ ያጠጣቸዋል። ዝሆን ቅርንጫፉን ሲነካ ግር ብለው ወጥተው ኩምቢው ውስጥ ይገባሉ፤ ዝሆኑ ይተወዋል። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች ዝሆንን የመሰሉ ትልልቅ ሣርና ቅጠል በሎችን በአጥር ከለከሉና አሥር ዓመት ጠበቁ፤ በ2008 ታተመ። ዛፎቹ ተመቻቸው? አልተመቻቸውም። ጠላት የለም ብለው ደሞዙን ቀነሱ፤ እብጠቱም ፈሳሹም አነሰ። ጠባቂዎቹ ጉንዳኖች ተዳከሙ። በቦታቸው ሌላ ዓይነት ጉንዳን ገባ፤ እሱ የሚኖረው ጥንዚዛ በፈለፈለው ቀዳዳ ስለሆነ ጥንዚዛ ቢበዛ ደስታው ነው። እነዚህ ዛፎች እድገታቸው ዘገየ፣ ሞታቸውም እጥፍ ሆነ። ዝሆኑ ስለጠፋ።

25ኛው ቀጠለበት። እዚያው ኬንያ ውስጥ ከውጪ የመጣ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ጠባቂዎቹን ፈጃቸው። ዝሆኖች ዛፉን ሰባበሩት። ሜዳው ገላጣ ሆነ። አንበሳ የሚያደባበት አጣ፤ የሜዳ አህያ ከሩቅ ታየዋለች። በ2024 በወጣው ጥናት መሠረት አንበሶቹ ከገደሉት ውስጥ የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከነበረበት 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ ጎሽ ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ 42 በመቶ ደረሰ። ጎሽ ማለት እኮ አንበሳን በቀንዱ የሚገድል ነው። ጉንዳን ነው አንበሳውን ወደዚያ የላከው።

26ኛው ጋሼ ናቸው። ዝሆኑ ጠላት ሆኖ ጉንዳንና ዛፉን አብሮ ያኖራቸው ከነበረ፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ 3ኛዋን ጠየቋት። እስካሁን አልመለሰችም። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጽሑፋቸው ሄደው በፍቅር የምትለዋን ቃል ሰረዙ። በቦታዋ ምንም አልጻፉም።

27ኛው ሰውነታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከራሳችን ሴሎች አሥር እጥፍ ናቸው የሚለውን አሮጌ ወሬ ይዞ መጣና እዚያው ታረመ፤ በ2016 የተሠራው ስሌት ባክቴሪያው 38 ትሪሊዮን፣ የራሳችን ሴል 30 ትሪሊዮን ነው የሚለው። ያረመው ሰው ይኼን አሳጥሮ እዚያው ሥር ስለጻፈው ቁጥር አልተሰጠውም።

28ኛዋ ከርዕሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል ጥያቄ አመጣች። በረንዳዋ ላይ ያለችው ጽጌረዳ ጉንዳን ወሯታል፤ በምን ትግደላቸው? 29ኛው ከመግደሏ በፊት ቅጠሉን ገልብጣ እንድታይ መከራት። ጉንዳን ጽጌረዳ አይበላም፤ ከሥሩ ክሽክሽ መኖር አለበት።

30ኛው የእሷ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጻፈ። ገልብጣ አየች። አረንጓዴ፣ የስፌት መርፌ ራስ የማያክሉ ክሽክሾች ግንዱ ላይ ተጣብቀው ጭማቂውን እየመጠጡ ነው። አንዷ ጉንዳን መጣችና የአንዱን ጀርባ በአንቴናዋ ደብደብ ደብደብ አደረገችው። ከኋላው ጠብታ ወጣች፣ ጤዛ የምትመስል። ጉንዳኗ ጠጥታ ወደሚቀጥለው አለፈች። ሴትየዋ ውኃውን በእጇ እንደያዘች ሃያ ደቂቃ ቆመች። ጽጌረዳዋ እየጠወለገች ነው። ውኃውን እስካሁን አላፈሰሰችባቸውም።